«አሪፍ ነው» ካልሽ በኋላ ምን ትያለሽ?

የደረሰን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ጠዋት ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። እሑድ ከሰዓት እናቴ ቤት ቡና ሲፈላ አምስት ስድስት እንሆናለን፤ ጨዋታችን በሳምንቱ ስላየነው ፊልም ነው። ተራዬ ሲደርስ ወይ ‹አሪፍ ነው› ብዬ ዝም እላለሁ፣ ወይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እተርከዋለሁ። በቀደም አንዷ ጓደኛዬ ‹ላየው ያስጫንኩትን ፊልም ጨረስሽብኝ› ብላ እስካሁን አኩርፋኛለች። አጎቴ ደግሞ ‹የእኛ አገር ፊልም ሁሉ አንድ ነው› ሲሉ መልስ ያጥረኛል። የባሰው፣ የአክስቴ ልጅ አጭር ፊልም ሠርቶ ላከልኝ፤ የንግግሩ ግማሽ አይሰማም፤ ‹እንዴት ነው?› እያለ ይወተውተኛል። በቴሌግራም ግሩፓችንም ‹አጭር ነገር ጻፊ› ይሉኛል፤ እሱንም አልቻልኩበትም። ምን ትሉኛላችሁ?»

«አሪፍ ነው» ባይዋ፣ ከደሴ

መልስ

እህታችን፣ ሁለት ችግር አድርገሽ የጻፍሽው አንድ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ እጅሽ ላይ የሚቀረው የታሪኩ ቅደም ተከተልና አጠቃላይ ስሜት ነው። ስሜቱን ስትናገሪ በአንድ ቃል ያልቃል፤ ታሪኩን ስትጀምሪ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። የትኛው ቦታ፣ በምን ምክንያት እንዲያ እንዳደረገሽ ሳትይዢው ያመልጥሻል። ቡና ላይ ያለ ሰው መስማት የሚፈልገው ግን እሱን ነው። ታሪኩን ራሱ ያየዋል፤ መውደድሽን ብቻ መስማቱም ብዙ አይረዳው፤ አንቺ የወደድሽበት ምክንያት እሱን ጨርሶ የሚያስጠላው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፊልሙ እንዳለቀ፣ ስልክሽን ለሌላ ነገር ሳትከፍቺ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት መስመር ጻፊ። ዓይንሽ ላይ የቀረው ትዕይንት የቱ ነው? ስልክ ያነሳሽው ወይም ሰዓት ያየሽው የት ላይ ነው? ምን በሆነ ብለሽ ተመኘሽ? ቪኤልሲም ሆነ ኤምኤክስ ፕሌየር ስክሪኑን አንዴ ነካ ሲያደርጉት ደቂቃውን ያሳያል፤ ቁጥሩን ብቻ ያዢ። ፊልሙን እያቆምሽ ዓረፍተ ነገር አትጻፊ። ደጋግሞ የሚያቆም ሰው መጨረሻ ላይ «ረዘመብኝ» ይላል፤ ያረዘመው እሱ ራሱ ነው።

ከሦስቱ መስመሮች ብዙ ሰው የሚዘለው ሁለተኛውን ነው፤ የሚበልጠው ደግሞ እሱ ነው። ስልክ ያነሳሽበትን ደቂቃ ከያዝሽ አምስት ደቂቃ ያህል ወደኋላ ተመለሺና እዪ። መሰልቸት የሚጀምረው ስልኩ በተነሳበት ትዕይንት ላይ አይደለም፤ ከዚያ ቀድሞ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰበቡ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ አክተሩ ምን እንደሚፈልግ ገና አልታወቀም፣ ወይ ቀድሞ የታወቀ ነገር በሌላ ሰው አፍ ተደግሟል። ባል መሄዱን በዓይናችን አይተን፣ ከዚያ ሚስት ለእህቷ ስትነግር፣ እህት ለጎረቤት ስትነግር የምንሰማባቸውን ትዕይንቶች አስታውሺ። «ሰለቸኝ» ከማለት «ባልየው መሄዱን ሦስቴ ነገሩን» ማለት ለሰሚው ሙሉ መረጃ ነው፤ ያለቀሰችበትን ትዕይንት የወደደውም ሰው አንቺን ሳይቃወም የራሱን መናገር ይችላል።

አሁን ወደ ትረካው። የት ላይ ማቆም እንዳለብሽ እንድታዪ ለምሳሌ የሚሆን ፊልም እንፍጠር። የጭነት መኪና ረዳት የሆነ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ ተረስቶ የቀረ ሻንጣ ያገኛል። የሻንጣውን ባለቤት ፈልጎ ሊመልስላት በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደውን መንገድ ይይዛል፤ ሹፌሩ ግን ሻንጣው ተከፍቶ እንዲካፈሉ ይፈልጋል። በቃ። ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚከለክለው ሰሚው አውቋል፤ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር አትጀምሪው። ከ90 እስከ 120 ደቂቃ የሚሄድ የተለመደ ፊልም የመጀመሪያውን ትልቅ መታጠፊያውን አብዛኛውን ጊዜ ከ20ኛው እስከ 30ኛው ደቂቃ ባለው ውስጥ ያደርጋል። እስከዚያ ያለውን መናገር ፊልሙን አይጎዳም፤ ማስታወቂያውም የሚያሳየው ያንኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ያላየው ሰው ድርሻ ነው።

ታሪክ ሳይናገሩ ፊልም ማበላሸትም አለ፤ ጥንቃቄ የሚሻው እሱ ነው። «መጨረሻው ያስደነግጥሻል» ያልሻት ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ መጨረሻውን ስትጠብቅ መሀሉን አታየውም። «ሹፌሩን የሚጫወተው በጣም ጎበዝ ነው፣ ምን ያደርጋል ትንሽ ነው የሚታየው» ካልሽ ሹፌሩ ወይ ይሞታል፣ ወይ ይሄዳል ብለሻታል። «ሰውየውን እንዳታምኚው» ማለትማ ግልጽ ነው። ስለ አንድ ሰው ትወና ማድነቅ ከፈለግሽ በመጀመሪያው ሩብ ካለ ትዕይንት ጥቀሺ፤ እዚያ ያልታየ ችሎታ ብዙም የለም።

ተከታታይ ድራማ ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የቱርክ ድራማ አገሩ ላይ ሲተላለፍ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ወደ ውጭ ሲሸጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ 45 ደቂቃ እየተቆራረጠ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ድምፅ በቴሌቪዥን የምትከታተለው እናትሽና በኢንተርኔት ዋናውን የምትከታተለው ጓደኛሽ ሁለቱም «ክፍል 20 ላይ ነኝ» ቢሉ እናትሽ ገና ብዙ ይቀራቸዋል። የክፍል ቁጥር አትጠይቂ። «ሰርጉ ተሠርጓል ወይስ ገና ነው?» ብለሽ በድርጊት ጠይቂ፤ ከሁሉም ወደኋላ የቀረው ሰው የደረሰበት ቦታ የዚያ ቀን ጨዋታ ወሰን ይሁን።

ያኮረፈችውን ልጅ «ብታውቂውም ይጥማል» አትበያት፤ እውነት ቢሆንም ፍርዱ የአንቺ አይደለም። ይቅርታ ብለሻት ቀጣዩን ፊልም እሷ ትምረጥ፣ ከአንቺ ቀድማም ትየው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አስተያየት ሲሰጥ በብዛት የሚበላሸው ፊልሙና ቅጂው ሲምታቱ ነው። ሲዲ ቤት አስጭነሽ ያየሽው ፊልም ብዙ እጅ አልፎ የመጣ ነው። «ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም» ከማለትሽ በፊት የፋይሉን መጠን እዪ። የሁለት ሰዓት ፊልም ወደ 400 ወይም 500 ሜጋባይት ሲጨመቅ አንድ ነገር መጣል አለበት፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚጣለው በጨለማና በፈጣን እንቅስቃሴ ውስጥ ያለው ዝርዝር ነው። የሌሊቱ ትዕይንት አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ የሚርገበገበው ለዚህ ነው። ያው ፊልም በአንድ ተኩል ወይም በሁለት ጊጋባይት ቢታይ ጥላውም ፊቱም ይለያል። ሲኒማ ቤት ውስጥ በካሜራ የተሰረቀ ቅጂ ከሆነማ ጠርዙ ተቆርጧል፣ ድምፁ ያስተጋባል፣ የሚስቁትም የእዚያ ቤት ተመልካቾች ናቸው። ስለ ቀረጻው ምንም ባትናገሪ ይሻላል።

«ፊልሙ የሰርግ ቪዲዮ ይመስላል» የሚባለውም ብዙ ጊዜ የቴሌቪዥኑ ሥራ ነው። ፊልም አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 24 ምስል ሆኖ ይቀረጻል። አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች በሁለት ምስሎች መካከል ራሳቸው የፈጠሩትን እየጨመሩ እንቅስቃሴውን ያለሰልሱታል፤ ለኳስ ይጠቅማል፣ ለፊልም ግን ያንን የሰርግ መልክ ያመጣበታል። በምስል ማስተካከያው ውስጥ «ሞሽን» የሚል ቃል ያለበትን ፈልገሽ አጥፊው፤ «ቪቪድ» ላይ ያለውንም ወደ «ሙቪ» ወይም «ሲኒማ» አዙሪው። ቪቪድ ሱቅ ውስጥ ገዢ እንዲጠራ የተሠራ ቀለም ነው። የሰዎቹ ፊት ሰፍቶ ከታየሽ ደግሞ ምስሉ በግድ ተለጥጧል ማለት ነው፤ መጠኑን ወደ ዋናው መልሺው።

ሌላው ሁልጊዜ የሚሰማ ቅሬታ «ሙዚቃው ያደነቁራል፣ ንግግሩ አይሰማም» የሚለው ነው። የውጭ ፊልም ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ለስድስት ድምፅ ማጉያ ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ንግግሩ በዋናነት በመሀለኛው ላይ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ድምፅ ማጉያ ብቻ ያለው ቴሌቪዥን ወይም ላፕቶፕ የመሀለኛውን በደንብ ካላዋሐደው ሙዚቃና ፍንዳታው ከግራና ከቀኝ ይጮሃል፣ ንግግሩ ከሩቅ ይመጣል። በማጫወቻው የድምፅ ምርጫ «ስቴሪዮ» የሚል ካለ እሱ ላይ አድርገሽ አምስት ደቂቃ ድገሚው። ከተስተካከለ ጥፋቱ የፊልሙ አልነበረም። መብራት ሄዶ ግማሹን ማክሰኞ፣ ግማሹን ሐሙስ ያየሽውን ፊልምም «ታሪኩ ይዘላል» ብትይ ሚዛን አይደለም፤ እንዴት እንዳየሽው ብቻ ቀድመሽ ተናገሪ፣ ሰሚው ራሱ ይቀንሳል።

በትርጉም የሚታይ ፊልም ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። አንድ ሰው ከላይ እየተናገረ የሚተርክልሽ ከሆነ ያሳቀሽ ቀልድ የተርጓሚው የራሱ ሊሆን ይችላል፤ «ተርጓሚው ያስቃል» በይ እንጂ «ጽሑፉ ግሩም ነው» አትበይ። በአማርኛ ድምፅ የተሞላ ድራማ ከሆነ ፊቱ የአንድ ሰው፣ ድምፁ የሌላ ሰው ሥራ ነው። የአማርኛው ዓረፍተ ነገር የግድ የውጪውን ተዋናይ የከንፈር እንቅስቃሴ ያህል መርዘም ወይም ማጠር ስላለበት አንዳንዴ ማንም የማይናገረው አማርኛ ይመጣል። ያ የደራሲው ጥፋት አይደለም፤ የተርጓሚውም ሙሉ ጥፋት አይደለም።

ቅጂው ከተጣራ በኋላ ስለ ፊልሙ ራሱ ምን ይባል? ትወናን ለማየት ተናጋሪውን ትተሽ ሰሚውን ተመልከቺ። ደካማ ተዋናይ ሌላው ሲናገር ተራውን ይጠብቃል፤ ዓይኑ የባልደረባው አፍ ላይ ነው። ጥሩው ሲሰማ ይለወጣል፤ ምላሹ ከመናገሩ በፊት ፊቱ ላይ ይደርሳል። ቢሆንም ሁሉንም ለተዋናዩ አትስጪው። ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ባደረገው ታዋቂ ሙከራ አንድ ዓይነት የተዋናይ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር አጋጥሞ አሳየ፤ ፊቱ ሳይለወጥ ተመልካቹ አንዴ ረሃብ፣ አንዴ ሐዘን አነበበበት። «ዓይኑ ብቻ ያስለቅሳል» ያልሽለት ሰው ግማሽ ምስጋናው የቆራጩ፣ ማለትም የኤዲተሩ፣ ሊሆን ይችላል።

ስለ ታሪክ ስታወሪ ለአጋጣሚ አንድ መለኪያ አለ። ረዳቱ ሻንጣውን በአጋጣሚ ማግኘቱ ማንንም አያስቆጣም፤ ችግር ውስጥ የሚያስገባ አጋጣሚ ነው። ሚሌ ላይ ጨንቆት ሳለ የሻንጣው ባለቤት በአጋጣሚ ከአውቶቡስ ብትወርድለት ግን ቤቱ በሙሉ «አይ!» ይላል፤ ከችግር የሚያወጣ አጋጣሚ የልጁን ልፋት ዋጋ ያሳጣዋል። አንድ ፊልም «አላሳመነኝም» ያልሽበትን ምክንያት ስትፈልጊ መጀመሪያ እዚህ ፈልጊ። የስኒው ቡና ሞልቶ፣ ጎድሎ፣ እንደገና ሞልቶ መታየቱን መልቀምም ይቻላል፤ ግን ቡና ላይ ከአንድ በላይ አትጥቀሺ፤ ሰው ከፊልሙ ይልቅ ስህተት ፍለጋ ውስጥ ይገባና ጨዋታው ያልቃል።

የደሴ ልጅ በመሆንሽ ሌላው የማያየውን ታያለሽ፤ ይህንን ደፍረሽ ተጠቀሚበት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ፊልሙ «ደሴ፣ ሌሊት» ብሎ ሰውየው በካናቴራ በረንዳ ላይ ከቆመ፣ ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ ሲደርስም መኪናው ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት ሳይወርድ ሜዳ ለሜዳ ከሄደ፣ የተቀረጸው ሌላ ቦታ ነው። ይህ ብቻውን ፊልሙን መጥፎ አያደርገውም፤ ሰውየው ብርዱ የማይሰማው ሆኖ ሲታይ ግን ችግሩም ቀላል ይመስላል፤ ማለት ያለብሽ እንዲህ ነው። አነጋገርም እንዲሁ ነው፦ የወሎ ሰው ሆኖ የቀረበው ገጸ ባህርይ «አብሽር» የሚለውን ቃል በየዓረፍተ ነገሩ ከደነቀረው፣ ቃሉን አውቆታል፣ መቼ እንደሚባል ግን አላወቀም።

ሙዚቃውንም አትለፊው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ አራቱም ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ለጆሮሽ እንግዳ አይደሉም። በአገራችን ፊልም ሐዘን በመጣ ቁጥር ትዝታ ከሥር ይለቀቃል። በአንድ ፊልም አራቴ ከተደረገ ሙዚቃው ትወናውን ከመርዳት አልፎ «አሁን እዘኑ» ብሎ ያዝዛል። «ለቅሶው ላይ ትዝታ ባይገባ ኖሮ የእናትየው ዝምታ ይበቃ ነበር» ብትይ ሁሉም ሰው ያንን ትዕይንት በሌላ ጆሮ መስማት ይጀምራል።

አሁን የአክስትሽ ልጅ። ለእሱ የምትሰጪው አስተያየት ከቡናው ጨዋታ በዓይነቱ ይለያል፤ እሱ ሠሪ ነው። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «አልቋል ወይስ ገና ይስተካከላል?» ዩቲዩብ ላይ ከጫነውና ሌላ ሥራ ከጀመረ ስለ ድምፁ አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው፣ ያውም ለቀጣዩ እንዲጠቅመው። ገና ከሆነ ግን ዝም ማለትሽ ጉዳት ነው፤ ሌላ ሰው ሲነግረው ጊዜው አልፎ ይሆናል።

ሁለቴ እዪው። መጀመሪያ ሳታቆሚ፣ በጆሮ ማዳመጫ። ሁለተኛ እያቆምሽ፣ ያልሰማሽውን እያንዳንዱን ቦታ በደቂቃና በሰከንድ ጻፊ። ከዚያ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ በፍጹም እሑድ ቡና ላይ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ታሪኩን እንዴት እንደተረዳሽው ንገሪው። ይህ ለሠሪ ከምስጋናም ከትችትም ይበልጣል፤ እሱ ሊናገር የፈለገውና አንቺ የደረሰሽ የሚለያዩበትን ቦታ ራሱ ያየዋል። ቀጥለሽ የወደድሽውን አንድ ትዕይንት ከነምክንያቱ፣ በመጨረሻም ዝርዝሩን ስጪው። መፍትሔ አታዘዢ፤ «2:10 ላይ ምን እንዳለች አልሰማሁም» በይ እንጂ «ያንን ትዕይንት አውጣው» አትበይ።

ስለ ድምፁ እንዲህ እያልሽ መለየት ከቻልሽ ግን በጣም ትረጅዋለሽ፤ «አይሰማም» የሚባል ነገር አራት ዓይነት ነውና። ድምፁ ትንሽ ሆኖ ንጹሕ ከሆነ ቀላል ነው፣ ከፍ ይደረጋል፤ ከሥሩ ያለው የ«ሽሽ» ድምፅም አብሮ ከፍ እንደሚል ግን ይወቅ። ከኋላ የማያቋርጥ እንደ ፍሪጅ ወይም እንደ ጄኔሬተር ያለ ድምፅ ካለ በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ የድምፅ ማጽጃ በመጠኑ ይቀነሳል፤ ማጽዳቱ ከበዛ ሰውየው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር ይመስላል። የሚያስተጋባ ከሆነ ማይኩ ከተዋናዩ ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ ካሜራው ላይ ነበር፣ ክፍሉም ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ነው ማለት ነው፤ ይህ በኤዲቲንግ ሙሉ በሙሉ አይድንም። ጩኸት ላይ የሚንጫጫና የሚሰነጠቅ ከሆነ ሲቀረጽ መጠኑ ከልክ አልፏል፤ እሱም ሙሉ በሙሉ አይድንም።

ለሁለቱ የማይድኑት መፍትሔው ንግግሩን እንደገና መቅዳት ነው፣ ስቱዲዮም አያስፈልገውም። ፍሪጁ ይነቀል፤ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ይሰቀል፤ ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል፣ ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን ይቀመጥ። ተዋናይዋ ትዕይንቱን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ትድገም፤ ረጅም ንግግር በአንዴ ከተቀዳ ከከንፈር ጋር አይገጥምም። ድምፁ ከፍ ሲል በመቅጃው መለኪያ ላይ ከመቀነስ 12 እስከ መቀነስ 6 ዴሲቤል መካከል ቢደርስ ይበቃል። ከዚያ ተመልሶ ትዕይንቱ ወደተቀረጸበት ክፍል ይሂድና ማንም ሳይናገር ሠላሳ ሰከንድ የክፍሉን ጸጥታ ይቅዳ፤ ያንን ከአዲሱ ንግግር ሥር ሲያነጥፈው ነው ድምፁ እዚያ ቤት ውስጥ የተነገረ የሚመስለው። ይህን የሚዘልሉ ሰዎች ሥራ ወዲያው ይታወቃል፦ ሰውየው ከሩቅ ይታያል፣ ድምፁ ጆሯችን ሥር ነው። ለቀጣዩ ፊልም ደግሞ ገንዘቡን ከካሜራ በፊት ልብስ ላይ ለሚሰካ ማይክ ያውለው። ተመልካች ደብዛዛ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አምስት ደቂቃም አይታገሥም።

አጎትሽን በተመለከተ፣ «ሁሉም አንድ አይደለም» ብለሽ በደፈናው አትከራከሪያቸው፤ በደፈናው የተባለ ነገር በደፈናው አይረታም። «ጋሼ፣ በቅርብ ያዩት የትኛውን ነው?» በያቸው። ስሙን ሲጠሩ ጨዋታው ከ«ሁሉም» ወደ አንድ ፊልም ይወርዳል፣ እዚያ ላይ ደግሞ ትዕይንት ጠርተሽ መነጋገር ትችያለሽ። ልክ የሆኑበትም አለ፦ በአንድ ሳሎን፣ በአንድ ካፌና በአንድ መኪና ውስጥ የሚያልቅ የፍቅር ኮሜዲ በዝቷል፤ ምክንያቱም የቦታ ቁጥር በቀነሰ መጠን የቀረጻ ቀንና ወጪ ይቀንሳል። ይህን ስታምኚላቸው ሌላውን ለመስማት ይመቻቸዋል። ማስረጃ ካስፈለገሽ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። አብራችሁ ስታዩት ግን ታሪኩ በቀጥታ መስመር እንደማይሄድ፣ ወደኋላና ወደፊት እንደሚመላለስ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ካልተነገራቸው ሃያኛው ደቂቃ ላይ «ተምታቷል» ብለው ይነሳሉ።

ቡናው ላይ ስለ መጠን ትንሽ እንበል። ከመጀመርሽ በፊት «ያላየው አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ከሁለት ደቂቃ አትለፊ። ያዩት ሰዎች ስለ መጨረሻው ማውራት ከፈለጉ ያላየችው ልጅ ቡና ልትቀዳ እስክትነሳ መጠበቅ አይበቃም፤ ከማዶ ሆናም ትሰማለች፤ ለበረካው አቆዩት፣ ወይም ተዉት። የማትስማሚበት ሰው ሲገጥምሽ «የቱ ጋ ነው የወደድከው?» ብለሽ ትዕይንቱን አስጠሪው። ብዙ ጊዜ ሁለታችሁም ስለ አንድ ትዕይንት እየተናገራችሁ፣ አንዱ በስልክ በታክሲ ውስጥ፣ ሌላው በትልቅ ስክሪን አይቶት ይገኛል።

የቴሌግራሙ ከሁሉም ይቀላል። ከ60 እስከ 80 ቃል ይበቃል። ግሩፑ በዝርዝሩ ላይ የመልእክቱን መጀመሪያ ስለሚያሳይ የመጀመሪያው መስመር ማንንም የማይጎዳ ይሁን፦ ዓይነቱ፣ ርዝመቱ፣ በምን እንዳየሽው። መጨረሻውን የሚነካ ነገር መጻፍ ካለብሽ ቃሉን መርጠሽ ከሚወጣው ማውጫ «ስፖይለር» የሚለውን ንኪ፤ ካልነኩት በቀር ተሸፍኖ ይቀመጣል። ከአሥር ነጥብ መስጠት አንመክርሽም፤ የአንዷ ሰባት የሌላዋ አምስት ነው። «እንደገና አየዋለሁ»፣ «አንዴ ይበቃል»፣ «ግማሽ ላይ ተውኩት» የሚሉት ሦስቱ ይበቃሉ። ስለ ረዳቱ ፊልም ብትጽፊ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የመንገድ ታሪክ፣ 1 ሰዓት ከ40፣ በላፕቶፕ በጥሩ ቅጂ አየሁት። ረዳቱ ያገኘውን ሻንጣ ለባለቤቷ ሊመልስ ይሄዳል፤ ሹፌሩ ክፈተው ይለዋል። ባቲ ገበያ ውስጥ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ምሳ የሚበሉበት ትዕይንት እስካሁን ዓይኔ ላይ ነው፤ ልጁ እንጀራውን ሲቆርስ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ማንም ስለሱ አይናገርም። ከ50ኛው ደቂቃ በኋላ ይጎተታል፤ የሻንጣውን ነገር ለሦስት ሰው ደጋግሞ ይነግራል። ሙዚቃው ለቅሶው ላይ ባይገባ ይሻል ነበር። መንገድና ዝምታ የሚወድ ይየው፤ ፍቅር የሚጠብቅ ይቅርበት። አንዴ ይበቃል።»

መከራከር የሚፈልግ ካለ እዚያው መልእክቱ ሥር መልስ እያደረገ ይጻፍ፤ አዲስ መልእክት ከጀመረ ያላየው ሰው ከላይ ሳያነብ በቀጥታ መጨረሻው ላይ ይወድቃል።